«ሥራ አልነበራቸውም» ብለን ስላነበብንላቸው እናት



በቅርቡ ጡሩምባ ተነፍቶ ሁላችንም ወጥተን የቀበርናቸውን እናት ታስታውሳላችሁ። ስማቸውን እዚህ አንጽፍም። ቤተሰቡ ገና ኀዘን ላይ ነው፤ ሰፈሩም ያውቃቸዋል። በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ አብዛኛው ስለ ባለቤታቸውና ስለ ልጆቻቸው ነበር፤ ማን የት ተቀጠረ፣ ማን ምን ደረጃ ደረሰ የሚል። ስለ እርሳቸው የተባለው «ደግ፣ ርኅሩኅ፣ እንግዳ ተቀባይ» ነው። ይህንንማ ለሁሉም ሟች እናነበዋለን። ቀጥሎም «የቤት እመቤት ስለ ነበሩ ሥራ አልነበራቸውም» ተባለ። ወረቀቱን የጻፍነው እኛው የእድሩ ሰዎች ነን፤ ጥፋቱም የእኛው ነው።

በሰልስቱ ዕለት ትልቋ ልጃቸው ከድንኳኑ ጥግ ጠርታን፣ «እናቴ ሥራ ፈትታ ተቀምጣ አይቻት አላውቅም። ይህን ከየት አመጣችሁት?» አለችን። መልስ አጣን።

እስቲ «ሥራ ያልነበራቸውን» ሴት ሥራ እናስበው። መራዊ ላይ የሞተር ወፍጮ እንደ ልብ ባልነበረበት ዘመን ዳጉሳውና በቆሎው በመጅ ነበር የሚፈጨው፤ ያውም ዶሮ ሳይጮህ። ውኃው በእንስራ፣ ማገዶው በጀርባ ነው። የቆጋ መስኖ ከመምጣቱ በፊት የሜጫ ገበሬ በአብዛኛው የሚጠብቀው የክረምቱን ዝናብ ነበር። የጎተራውን እህል እስከ አዲሱ ምርት ማድረስ ደግሞ የማጀት ሒሳብ ነው። ሒሳቡን የሚያውቁት እርሳቸው ብቻ ነበሩ።

ባለቤታቸው ሲሞቱ መሬቱን ለእኩል ሰጡ፤ ሴት ሞፈር አትጨብጥም ይባላልና። ግማሹን እህል ወሳጁ ሌላ ሆነ። ጎዶሎውን የሞሉት በጠላና በአረቄ ነው። ብቅል ማብቀል፣ አሻሮ መቁላት፣ ጌሾ መውቀጥ፣ ጋን አጥቦ በወይራ ማጠን፣ ድፍድፉን እንደ ሕፃን መጠበቅ። አረቄ ሲወጣ እሳቱ ቢበረታ ይበላሻል፣ ቢደክም አይወርድም፤ ስለዚህ ጭሱ ውስጥ ተቀምጦ መዋል ነው። ዐይናቸው የደከመው በዚህ ነው ይላሉ ልጆቻቸው። የልጆቹ ደብተር፣ የደንብ ልብስ፣ የባሕር ዳሩ የቤት ኪራይ ከዚያ ጭስ የወጣ ነው። ማታ ደግሞ እንዝርት ይዘው ይፈትላሉ፤ ለየልጁ አንድ ጋቢ እስኪሞላ።

አንዱ አባላችን በወረቀት ሒሳብ ሠራ። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው 30 እንጀራ ቢጋገር በዓመት 3,120 ይሆናል፤ በ50 ዓመት 156,000። ወጡን አልቆጠርንም።

እዚህ ላይ አገር የሚያውቃቸውን አንዲት እናት እናንሳ። የክብር ዶክተር አበበች ጎበና በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ በድርቁ ጊዜ፣ ከግሸን ማርያም ጉዞአቸው ወላጅ ያጡ ሁለት ሕፃናት ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ 21 ደረሱ። ባለቤታቸው አልስማማ ቢሉ ቤታቸውን ትተው ወጡ፤ እንጀራና ቆሎ እየሸጡም አሳደጓቸው። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲያርፉ ያ እንጀራና ያ ቆሎ በአገር ፊት ተነገረላቸው። ይገባቸዋልም። የእኛ ጥያቄ ግን ይህ ነው፤ ያው ጋገራ፣ ያው ድካም፣ ለባዳ ልጅ ሲሆን ሥራ ተብሎ ለገዛ ልጅ ሲሆን ከሥራ አይቆጠርም እንዴ?

በክልላችን ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በተሰጠው የመሬት ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስም ከነፎቶግራፋቸው ጎን ለጎን ሰፍሯል። የእኛ የእድር መዝገብ ግን ዛሬም በአባወራው ስም ነው፤ ሚስቲቱ «እና ቤተሰቡ» የምትለዋ ቃል ውስጥ ናት።

ነገሩን በስብሰባ ስናነሳ አንዳንድ አባቶች «ለሟች የሚጠቅመው ጸሎት ነው፤ ወሬ ስታበዙ ሰዉ በፀሐይ ይቆማል» አሉ። የፀሐዩስ ነገር እውነት ነው። እንግዲያውስ የልጆቹን የሥልጣን ዝርዝር እናሳጥረው። ስለ ሟቿ ሥራ አራት መስመር ብትነበብ ማንንም ፀሐይ አትመታም።

ሌላው ችግር የሕይወት ታሪኩ ሌሊቱን በጥድፊያ መጻፉ ነው። ልጆቹ እያለቀሱ፣ እኛ ድንኳን እየተከልን፣ የሚያውቅ ሰው ሳይጠየቅ ያልቃል። ስለዚህ በሕይወት ያሉትን እናቶች አሁን እንድንጠይቅ ሐሳብ አቅርበናል፤ ደብተርም ተገዝቷል። የመጀመሪያዋ የጠየቅናቸው እናት ሳቁብን፤ «ገና ቆሜ ስሄድ ልትቀብሩኝ ነው?» አሉ። ቡና አፍልተው ከተቀመጡ በኋላ ግን «መጀመሪያ አረቄ ማውጣት ያስተማረችኝን የእናቴን ስም ጻፉልኝ፤ እርሷ ስትቀበር ምንም አልተነበበላትም» አሉን። ጻፍን። ከዚያ እስኪመሽ ተናገሩ፤ ስምንት ገጽ ሞላ።

ደብተሩ ከእሑድ ስብሰባ በኋላ ጸሐፊው ዘንድ ይገኛል። መጻፍ ያልቻለ ተማሪ ልጅ ይዞ ይምጣ፤ መምጣት ላቃታቸው እናቶች እኛ ቤታቸው እንሄዳለን።