የቤተ መዘክር ካርድና የማኅበራችን ካዝና

በሆላንድ የምንገኝ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎችና መምህራን በሚመጣው ጠቅላላ ስብሰባችን ከምንወያይባቸው ነጥቦች አንዱ፣ ማኅበራችን ከካዝናው ገንዘብ አውጥቶ ለአባሎቹ የዚህን አገር የቤተ መዘክር ዓመታዊ ካርድ ይግዛ ወይስ አይግዛ የሚለው ነው። በኮሚቴው ውስጥ ሐሳቡ ለሁለት ተከፍሏል። አንደኛው ወገን «የቤት ኪራይና የምግብ ነገር ያላለቀለት ተማሪ የሥዕል ነገር ምን አስጨነቀው?» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ካርዱን ከሰማይ እንደ ወረደ ስጦታ አድርጎ ያወራል። በእኛ አስተያየት ሁለቱም ነገሩን በሚገባ አልመረመሩትም።

በዚህ ዓመት ለመጡት ወንድሞችና እኅቶች ስለ ካርዱ ባጭሩ እንግለጽ። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። ባለካርዱ ለአንድ ዓመት ወደ 500 ገደማ በሚሆኑ ቤተ መዘክሮች ሌላ የመግቢያ ዋጋ ሳይከፍል ይገባል፤ አንዳንዶቹ ብቻ ለልዩ ትርኢት ጭማሪ ይጠይቃሉ። በ2024 የካርዱ ዋጋ 75 ዩሮ ነበር። በዚያው ዓመት የአምስተርዳሙ ራይክስሙዚየም መግቢያ 22 ዩሮ ከ50 ሳንቲም ስለ ነበረ፣ አራት ጊዜ የገባ ሰው ከከፈለው በላይ አገኘ ማለት ነው። እንግዲህ ነጻ መግቢያ የሚባለው አስቀድሞ የተከፈለበት መግቢያ ነው። ቤተ መዘክሮቹም ቢሆኑ በምጽዋት አያስገቡም፤ ባለካርድ በገባ ቁጥር ይመዘገብና ከካርዱ ሽያጭ ከተጠራቀመው ገንዘብ የመግቢያው ዋጋ በከፊል ይከፈላቸዋል።

የካርዱ ዋነኛ ጥቅም ግን በሂሳብ ብቻ የሚታይ አይደለም። 22 ዩሮ ከፍሎ የገባ ተማሪ «ገንዘቤን ላስመልስ» እያለ ከጧት እስከ ማታ ከአዳራሽ አዳራሽ ሲዞር ይውላል፤ ማታ ቤቱ ሲገባ የሚያስታውሰው የእግሩን ሕመም እንጂ ሥዕሉን አይደለም። ባለካርዱ ግን በሁለት ትምህርቶች መካከል ለግማሽ ሰዓት ገብቶ አንድ ነገር ብቻ አይቶ ይወጣል። ያልገባው ነገር ካለ በሚቀጥለው ሳምንት ይመለሳል። ትምህርት ማለት ደግሞ ይኸው መመላለስ ነው።

«ሥዕል» እያሉ የሚያጣጥሉትም የሳቱት ነገር አለ። የአገራችን የውሃ መሐንዲሶች በብዛት በተማሩባት በዴልፍት የሚገኙ ጓደኞቻችን፣ በሃርለም አጠገብ ያለውን የክሩኪዩስን ቤተ መዘክር አይተው ያውቃሉ? እ.ኤ.አ. በ1852 ደርቆ ያለቀውን ታላቁን የሃርለም ሐይቅ ውሃ ከሳቡት ሦስት የእንፋሎት ጣቢያዎች አንዱ እርሱ ነው። የሞተሩ ሲሊንደር ወርድ ከሦስት ሜትር ተኩል ይበልጣል። አብዛኞቻችን ከአገር ስንመጣ ያረፍንበት የስኪፕሆል አውሮፕላን ማረፊያም የተሠራው በዚያው በደረቀው ሐይቅ ወለል ላይ ነው። በላይደን ከተማ ደግሞ በጥንታዊ ዕቃዎች ቤተ መዘክር አዳራሽ ውስጥ ከኑብያ የመጣ የታፋ ቤተ መቅደስ ቆሟል። የአስዋን ግድብ ውሃ ሊያሰጥመው ሲል ተነሥቶ፣ ሆላንድ ቅርሶቹን ለማዳን ስለ ረዳች ግብጽ የሰጠቻት ነው። ድንጋይ ሁሉ በዓባይ ምክንያት እስከዚህ ድረስ ሲመጣ፣ የዓባይ አገር ተማሪ በባቡር ጥቂት ደቂቃ ተጉዞ አለማየቱ ያሳዝናል።

አሁን ወደ ቅሬታችን እንመለስ። ዕድሜው እስከ 18 ዓመት የሆነ ልጅ ካርዱን የሚያገኘው በግማሽ ዋጋ ገደማ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሞላው ተማሪ ግን ሙሉ ደመወዝ ከሚበላው ከፕሮፌሰሩ እኩል ይከፍላል። ይህን ፍርደ ገምድልነት ነው ብንል አልተሳሳትንም። ማኅበራችን ከሆላንድ ተማሪዎች ማኅበራት ጋር ተባብሮ የተማሪ ዋጋ እንዲወጣ አቤቱታ ማቅረብ ይገባዋል።

እስከዚያው ድረስስ? ካርዱን በስጦታ ማደል አንደግፍም፤ ካዝናው ሃያ ሰው ሳይደርስ ይራቆታል፣ በነጻ የተገኘ ካርድም መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ተማሪውን የሚያስቸግረው ሙሉውን ዋጋ በአንድ ጊዜ ማውጣቱ ነው። ስለዚህ ማኅበሩ ዋጋውን ያበድር፤ ተበዳሪውም በየወሩ እኩል እየመለሰ በአሥራ ሁለት ወር ይጨርስ። የተመለሰው ገንዘብ ለሚቀጥለው ተማሪ ይሆናል። አምና ለአዲስ ዓመት በዓል ለአዳራሽና ለሙዚቃ የወጣው ገንዘብ ግን በማግሥቱ የለም። በደመወዝ የሚኖሩት መምህራኖቻችን ብድሩን አይሹትም፤ ከእነርሱ የምንለምነው በወር አንድ ቅዳሜ ተማሪዎችን እየመሩ እንዲያስጎበኙልን ነው።

አንድ አባል «አንድ ካርድ ገዝተን ለአምስት እንጠቀምበት» ሲል ሰምተናል። ካርዱ የግል ነው፤ በባለቤቱ ስም ተመዝግቦ ፎቶግራፉን ይይዛል። አምስታችንም አንድ መልክ ካላወጣን በቀር የሚሆን አይደለም።

በቤተ መዘክር መስኮት የሚሰጠው የመጀመሪያው ካርድ ጊዜያዊ ስለሆነ ለ31 ቀን፣ ያውም ለአምስት ጉብኝት ብቻ ነው የሚያገለግለው፤ የገዛ ሰው ወዲያው ይመዝገብ። ገንዘብ ያዣችንም ከስብሰባው በፊት በካዝናው ያለውን ሂሳብ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንዲለጥፉልን እንጠይቃለን።