ቁርስ በእስፓንኛ

ዛሬ ጠዋት ምን ቀመስህ? አትቈጣ፤ ጓዳህን ልፈትሽ አይደለም። እስፓንኛ የጀመረ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንቶች ከሚገጥሙት ጥያቄዎች አንዱ ይህ ስለ ሆነ ነው። «ኬ ዴሳዩናስ?» ይላል መጽሐፉ፤ ቁርስህ ምንድን ነው ማለቱ ነው።

ቃሉን እንመልከተው። የኛ «ቁርስ» ከ«ቈረሰ» የመጣ ነው። እነርሱ ግን ጾምን «አዩኖ» ብለው፣ ከፊቱ «ዴስ»ን ሲጨምሩበት «ዴሳዩኖ»፣ ጾም መፍቻ ይሆናል። እንግዲህ ረቡዕና ዓርብ የሚጾሙት አያትህ በዘጠኝ ሰዓት ሽሯቸውን ሲቀምሱ፣ በቃሉ ትርጕም ከሄድን «ዴሳዩኖ» የበሉት እርሳቸው ናቸው።

ደግሞ ይኸው ቃል ግሥም ይሆናል። «ዴሳዩኖ ቴ ኢ ፓን» ብትል፣ ቁርሴ ሻይና ዳቦ ነው ብለሃል፤ «እበላለሁ» የሚል ሌላ ግሥ አያስፈልግህም። ሰዓቱ ላይ ግን ተጠንቀቅ። የኛ የጠዋት 1 ሰዓት ለእነርሱ «ላስ ስዬቴ»፣ ሰባት ነው። ተሳስተህ «አ ላ ኡና» ያልህ እንደ ሆነ፣ ቁርስህን በሰባት ሰዓት ቀትር ካለፈ በኋላ የምትበላ ሰነፍ ትመስላለህ።

ቋንቋው ፈጽሞ ባዕድ አይምሰልህ። ከ1970ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ በሺህ የሚቈጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ወደ ኩባ፣ ወደ ወጣቶች ደሴት ተልከው ተምረዋል፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ አባቶቻቸውን በኦጋዴን ጦርነት ያጡ ነበሩ። «ዴሳዩኖ»ን የተማሩት ከማእድ ነው።

እኔ የማስተምረው እዚሁ የካ፣ ከእንጦጦ ግርጌ ነው። ከክፍል በኋላ ጥቂት ተማሪዎች ሰብስቤ የማውቃትን ያህል እስፓንኛ አካፍላለሁ። አንድ ማክሰኞ ይህን ጥያቄ ባዞር፣ አንዱ ፍርፍር፣ አንዷ ጨጨብሳ፣ ሌላው ፉል አለ። (ለጨጨብሳ የእስፓንኛ ስም አትፈልግ፤ ጨጨብሳ ብለህ እለፍ።) ከኋላ የተቀመጠው ልጅ ግን «ኖ ዴሳዩኖ» አለ።

«ኤስታስ ኤን አዩናስ?» አልሁት፤ ጾመኛ ነህ ወይ ማለቴ ነበር።

«መምህር፣ ማክሰኞ እኮ ነው» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ስሕተቱ የኔ ነበር። «ኤን አዩናስ» ለጾመኛውም፣ የሚበላው ላጣውም፣ ለደም ምርመራ ሳይበላ ለመጣውም ይባላል። በኛም «ጦሙን አደረ» ሲባል ስለ ጾመኛ የሚያስብ የለም። ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይመካከሩ ጾሙንና ማጣቱን በአንድ ቃል ጠርተውታል።

ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በአዲስ አበባ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሕፃናት ቁርስና ምሳ ይመገባሉ። ይህ ልጅ ግን ዘጠነኛ ክፍል ነው።

አሁን ትምህርቱን የምንጀምረው ዳቦ ቈርሰን ነው። ልጁም ጕርሻውን ሳይውጥ «ዴሳዩኖ ፓን!» ይላል። ሰዓቱ ከቀኑ 10 ስለ ሆነ አርሜዋለሁ፤ መክሰስ በእስፓንኛ «ሜሪዬንዳ» ነው።