ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ለሚሉን



ባለፈው እሑድ በግራሩ ጥላ ሥር በተደረገው የብሎካችን ስብሰባ ላይ አንድ አባት ተነሥተው «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» አሉ። ተሳቀ፤ ተጨበጨበ። ስብሰባውም በዚያው ተበተነ። ጉዳዩ ግን አልተበተነም።

ጉዳዩ ይህ ነው። ይህ ጽሑፍ ከቤት ወደ ቤት ሲዞር፣ በየቡናው ላይ ሲነበብ፣ አንባቢው ከኪሱ እያወጣ በሳጥናችን የጨመረው ገንዘብ 18,400 ሽልንግ ደርሷል። ስንሰበስብ «ለወጣቶቻችን ጤንነት» ብለን ነው። እኛ አዘጋጆቹ ታዲያ ገንዘቡ ለምን እንደሚውል የሚወስኑት ወጣቶቹ ራሳቸው፣ ከ13 እስከ 18 ዓመት ያሉት ይሁኑ አልን። ሌሎች ደግሞ ለብሎኩ ኮሚቴ ተሰጥቶ የመሰብሰቢያው አጥር ይታጠርበት አሉ። ክርክሩ የተነሣው ከዚህ ነው።

እኚያን አባት እናከብራቸዋለን። ተረቱም ሐሰት አይደለም፤ ሊጡ ሲቀጥን ያላየ የለም። ነገር ግን አንድ ጥያቄ እናቅርብ። ለመሆኑ እስከ ዛሬ ትልቅ ሰው ያቦካውን በልተን ጠግበን አድረናል ወይ?

ዓምና የሆነውን እናስታውስ። አንድ የእርዳታ ድርጅት «ለወጣቶች» ብሎ ገንዘብ አመጣ። ኮሚቴ ተቋቋመ። ከኮሚቴው አባላት መካከል ከአርባ ዓመት በታች የሆነ አንድም አልነበረም። ድንኳን ተከራዩ፣ ለስላሳ ተገዛ፣ «ወጣቱ የነገ ተስፋ ነው» የሚል ጨርቅ ተሰቀለ፣ ካናቴራ ታደለ። ከጠዋት እስከ ቀትር ንግግር ተደረገ። ካናቴራው ሁለት ጊዜ ታጥቦ ቀለሙ ለቀቀ፤ ከዚያ ገንዘብ የቀረው ምልክት ይኸው ነው። እኛም ከደሙ ንጹሕ አይደለንም። በዚያ ቀን ግጥም አንብበናል፤ ወጣቱን አበባ ብለናል፤ ፀሐይ ብለናል። አንዱን አበባ ግን «ምን ጎደለህ?» ብለን አልጠየቅንም። ይህን ጥፋት በራሳችን እጅ፣ በራሳችን ላይ እንጽፋለን።

በዚያው ሰሞን ልጃገረዶች በውኃው ቦኖ ወረፋ ላይ ሲያወሩ ሰማን። ወደ መጸዳጃው የሚወስደው መንገድ ከመሸ በኋላ ብርሃን ስለሌለው ከምሽት ጀምሮ ውኃ እንደማይጠጡ ይነጋገሩ ነበር። አንዷ በየወሩ አራት ቀን ከትምህርት ቤት የምትቀረው ለወር አበባዋ የምትይዘው ጨርቅ ስለሌላት እንደሆነ ተናገረች። ወንዶቹም የማታ ማጥኛ ቦታ የላቸውም። ደግሞም ከመካከላቸው አንዱ፣ የ16 ዓመት ልጅ፣ የቤተሰቡ የሦስተኛ አገር ጉዳይ ውድቅ ከሆነ ወዲህ ከቤት መውጣት አቁሞ ነበር። እናቱ ወባ መስሏት ነበር። ጓደኞቹ ግን ከእናቱ ቀድመው ሕመሙ ምን እንደሆነ አውቀዋል፤ በየማታው በተራ እየሄዱ አብረውት ይቀመጡ ነበር። የሚነግሩት ትልቅ ሰው ግን አላገኙም፤ ትልልቆቹ ድንኳን በመከራየት ላይ ነበሩና።

እንግዲህ ዋናው ነጥባችን ይህ ነው። በወጣት ሰፈር ውስጥ ማን እንደታመመ፣ ማን እንደፈራ፣ ማን ተስፋ እንደቆረጠ አስቀድሞ የሚያውቀው ወጣቱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ ከ10 እስከ 19 ዓመት ካሉት ከ7 ልጆች አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት። ይህ በሰላም አገር ያለውንም ጨምሮ ነው። መከራውን የሚያውቅ ሰው መድኃኒቱን ከሚመርጡት ዘንድ የሚገለልበት ምክንያት ምንድን ነው?

«ልጅ ናቸው» ይባላል። መልካም፤ የራሳችንን ታሪክ እንመልከት። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻ ሲታወጅ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘምተዋል። ከእነዚያ መካከል ሃያ ዓመት ያልሞላቸው ብዙዎች ነበሩ። ገበሬውን ፊደል አስተምሩ ተባሉ፤ በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ከወጣ በኋላም የገበሬ ማኅበር አደራጁ ተባሉ። በየጦር ሜዳው የወደቁትንም ዕድሜ እናቶቻችን ያውቁታል። ለመዝመት ዕድሜው ደረሰ፤ ለመሞት ዕድሜው ደረሰ፤ በረሃ አቋርጦ ታናሽ እኅቱን በጀርባው አዝሎ ለመሰደድም ዕድሜው ደረሰ። በ18,400 ሽልንግ ላይ ድምፅ ለመስጠት ሲሆን ግን ልጅ ሆነ! ይህ ምን ዓይነት ሚዛን ነው?

ነገሩ በሌላ ዓለም ያልተሞከረ እንዳይመስላችሁ። በአሜሪካ የሚሺጋን ክፍለ ሀገር የኬሎግ ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለየአካባቢው የማኅበረሰብ ፈንዶች ገንዘብ ሲሰጥ አንድ ግዴታ አስገብቶ ነበር። ገንዘቡ ለወጣቶች የሚውል ከሆነ፣ ለማን እንደሚሰጥ የሚመክር የወጣቶች ኮሚቴ ይቋቋም የሚል ነው። ዛሬ በዚያ ክፍለ ሀገር እንዲህ ያሉ ኮሚቴዎች በብዙ ቦታ ይሠራሉ። አሠራራቸው ቀላል ነው። ልጆቹ መጀመሪያ እኩዮቻቸውን ጠይቀው የአካባቢው ወጣት ችግር ምን እንደሆነ ያጣራሉ። ቀጥሎ ማመልከቻ ይቀበላሉ፣ ያነባሉ፣ አመልካቹን ይጠይቃሉ፣ ተከራክረው ድምፅ ይሰጣሉ። አዋቂ ሰው አጠገባቸው ይቀመጣል፤ ይመክራል እንጂ አይወስንላቸውም። የፈንዱ ቦርድ በመጨረሻ ያጸድቃል። የሚሺጋን ሕግ ራሱ የ16 እና የ17 ዓመት ልጆች በበጎ አድራጎት ድርጅት ቦርድ ላይ እንዲቀመጡ ይፈቅዳል። በቦስተን ከተማም እ.ኤ.አ. በ2014 ከከተማው በጀት 1 ሚሊዮን ዶላር ተለይቶ ከ12 እስከ 25 ዓመት ያሉ ወጣቶች በድምፃቸው እንዲመድቡት ተደርጓል። ከመረጧቸው መካከል የመናፈሻ መጫወቻ ማሻሻያና ለትምህርት ቤቶች የሚሆን ኮምፒዩተር ይገኙበታል። ከረሜላ አልገዙበትም።

«ያ ሀብታም አገር ነው፤ እኛ ስደተኞች ነን» የሚል ይኖራል። ለእርሱም መልስ አለን። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣቶች ተነሳሽነት ፈንድ የሚባል አቋቁሞ፣ ስደተኛ ወጣቶች ራሳቸው ላቀዱት አነስተኛ ሥራ ገንዘብ ሰጥቷል። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው የሕፃናት መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 12 ልጅ በሚመለከተው ጉዳይ ሁሉ ሐሳቡን የመግለጽ መብት እንዳለው፣ ሐሳቡም እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱ ክብደት እንዲሰጠው ይደነግጋል። አንቀጹ ስደተኛ ከሆነው በቀር አይልም።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ እንምጣ፤ አንሸሽም።

አንደኛ፣ «ገንዘቡን ይበሉታል» ይባላል። በካምፓችን እስከ ዛሬ የጠፋው ገንዘብ በማን እጅ እንደጠፋ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በልጆች እጅ አይደለም፤ በልጆች እጅ ገብቶ አያውቅምና። ቢሆንም ሳጥኑ ሁለት ቁልፍ ይኑረው እንላለን። አንዱ ከወጣቶቹ ገንዘብ ያዥ፣ ሁለተኛው ከዕድራችን እናቶች አንዷ ዘንድ ይቀመጥ። ዕድራችን ስንት ዓመት የቆመው በዚህ ዓይነት ነው።

ሁለተኛ፣ «ለወንድማቸው፣ ለዘራቸው ያደላሉ» ይባላል። ያደሉ ይሆናል፤ ሰው ናቸው። ስለዚህ ዘመዱ ወይም የቅርብ ጓደኛው ያመለከተ ልጅ ድምፅ ሲሰጥ ይውጣ። የተሰጠው ገንዘብ ሁሉ፣ ለማን፣ ስንት፣ ለምን ተብሎ በቦኖው አጠገብ በሰሌዳ ይጻፍ። ኮሚቴዎቻችን ይህን ቢያደርጉ ኖሮ ዛሬ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍን ነበር።

ሦስተኛ፣ «ሴት ልጅ ሥራ አለባት፣ በስብሰባ ምን ትሠራለች» የሚሉ አሉ። በጨለማ የምትፈራው እርሷ ናት፤ ከትምህርት የምትቀረው እርሷ ናት። ስብሰባው ውኃ ተቀድቶ ካበቃ በኋላ ይሁን፤ ወንድሟም አንድ ቀን እንጨት ይልቀም።

አራተኛ፣ «ታላቅን መናቅ ይማራሉ» ይባላል። እኛ የምናየው ተቃራኒውን ነው። ልጅ ታላቁን የሚንቀው ታላቁ በስሙ ገንዘብ ተቀብሎ ካናቴራ ሲሰጠው ነው። ሽማግሌ አጠገባቸው ይቀመጥ፤ ይምከር፤ ይቆጣ። ድምፁን ግን ይተውላቸው።

ሮጀር ሃርት የተባለ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1992 ለዩኒሴፍ በጻፈው ጽሑፍ የልጆችን ተሳትፎ በስምንት እርከን መሰላል መስሎታል። የታችኞቹን ሦስቱን እርከኖች ተሳትፎ አይላቸውም። ልጁን መሣሪያ ማድረግ፣ ልጁን ማጌጫ ማድረግ፣ ልጁን ለስም ብቻ ማስቀመጥ ናቸው። በደርግ ዘመን በመፈክር ሥር ተሰልፎ ያደገ ሰው ይህን ያለ ተርጓሚ ይረዳዋል። የዓምናው ካናቴራም ከዚያ መሰላል ሥር የተጣለ ጨርቅ ነው።

እንግዲህ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ዘጠኝ ልጆች ይመረጡ፤ የሚመርጧቸውም እኩዮቻቸው ይሁኑ። አምስቱ ልጃገረዶች ይሁኑ። ሁለቱ ቦታ ከእኛው ጋር በብሎኩ ለሚኖሩ ለደቡብ ሱዳንና ለሶማሌ ልጆች ይሰጥ፤ ጨለማው የእነርሱም ነውና። ዘጠኙ መጀመሪያ ከቤት ወደ ቤት ዞረው እያንዳንዱን ልጅ «የከበደህ ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁ። ከዚያ ሦስትና ከሦስት በላይ የሆኑ ወጣቶች በአንድ ገጽ ጽፈው ያመልክቱ፤ መጻፍ የማይችል በቃሉ ይናገር። ለአንድ ሥራ የሚሰጠው ከ3,000 ሽልንግ አይበልጥ። ስድስት ጊዜ 3,000፣ 18,000 ነው፤ የሚተርፈው 400 ለወረቀትና ለእስክሪብቶ ይሁን። በሦስተኛው ወር ሒሳቡ በዚሁ ግራር ሥር ጮኽ ተብሎ ይነበብ።

አንድ ነገር ግን እንዳይዛባ እናስጠነቅቃለን። ይህ ገንዘብ የራሽንን ጉድለት አይሞላም፤ ክሊኒክ አይተካም። «ወጣቶቹ ራሳቸውን ችለዋል» ብሎ ግዴታውን ሊጥል የሚፈልግ ቢሮ ቢኖር በዚህ ጽሑፍ አይሸፈን። መብራቱን ማቆም የሚገባው ሌላ ነበር። እርሱ እስኪያቆም ግን ልጆቻችን ውኃ ሳይጠጡ አይደሩ።

ስሕተት እንደሚሠሩ እናውቃለን። አንዱ ሥራ ይከሽፋል፤ ምናልባት የተገዛው ኳስ በሳምንቱ ይፈነዳል። ይፈንዳ! የእኛ ስንቱ ፈንድቷል?

ያ የ16 ዓመት ልጅ ዛሬ ከቤት መውጣት ጀምሯል። ያወጣው ንግግር አይደለም፤ ስብሰባም አይደለም። በየማታው የመጡት ጓደኞቹ ናቸው። ያ ሥራ ያለ ገንዘብ ተሠራ፤ ትንሽ ገንዘብ ቢታከልበት ምን ሊሆን እንደሚችል አስቡ።

የፊታችን እሑድ ከቀትር በኋላ በግራሩ ሥር ድምፅ ይሰጣል። የተቃወማችሁም ኑ፤ እኚያ አባትም ይምጡልን፤ ከፊት እናስቀምጣቸዋለን። ስትመጡ ግን ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ። ባለፈው በስማቸው ስንከራከር አንድም ልጅ አልነበረም።

ልጅ ያቦካው ለራት ባይበቃ እንኳ፣ ማቡካት የሚለመደው በማቡካት ነው። ነገ እኛ ስናልፍ የሚያቦካ ሌላ ማን አለ? ዱቄቱን እንስጣቸው። እጃቸውን ይታጠቡና ያቡኩ።

ያነበበ ለጎረቤቱ ያስተላልፍ፤ ማንበብ ለማይችል ያንብብለት።

የጽሑፉ አዘጋጆች