«ዳንስ» የሚለው ቃል ልጆቻችንን ከሕክምናቸው አያስቀራቸው



ውድ ወንድሞችና እህቶች! ርዕሱን አይታችሁ የደነገጣችሁ ትኖሩ ይሆናል። እስከ መጨረሻው አንብባችሁ ከዚያ ፍረዱ።

ኢማሙን እያገዝን በምናገለግልበት መስጂድ ከወላጆች ደጋግሞ የሚመጣልን ጥያቄ አለ። «ልጃችን ኦቲዝም አለበት። የሚከታተለው ባለሙያ ከሌሎች ልጆች ጋር ሆኖ በዳንስ የሚሰጥ ሕክምና ይጠቅመዋል አለን። እንዴት ነው ነገሩ? ይፈቀዳል?» ይሉናል። እነዚህስ ጠይቀዋል። የሚያሳስበን ሳይጠይቅ የሚቀረው ነው። «ዳንስ» የሚለውን ቃል ሲሰማ ልጁን ይዞ ወደ ቤት ይመለሳል፤ ልጁም ያችኑ ያገኛትን እርዳታ ያጣል።

የእኛ ሐሳብ ግልጽ ነው። አንድን ነገር በስሙ ብቻ አንፍረደው። መጀመሪያ ምን እንደሚሠራ እንወቅ፣ ከዚያ በዲናችን ሚዛን እንመዝነው።

*ባለሙያዎቹ የሚሠሩት ምንድን ነው?*

ኦኩፔሽናል ቴራፒ የሚባለው ሙያ ሰው የዕለት ተዕለት ኑሮውን እንዲችል ያግዛል። መልበስ፣ መብላት፣ መታጠብ፣ መጻፍ፣ ከእኩዮች ጋር መጫወት ሁሉ ሥራው ነው። በአገራችንም ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በዚህ ሙያ ማስተማር ጀምሯል።

በትምህርት ቤት አምስት የስሜት ሕዋሳት እንዳሉን ተምረናል። ባለሙያዎቹ ሌሎችንም ይጨምራሉ። አንደኛው በውስጠኛው ጆሯችን ያለው የሚዛን ስሜት ነው፤ ቆመን ይሁን ዘመን፣ እየዞርን ይሁን ቀጥ ብለን የሚነግረን እሱ ነው። ሌላው ከጡንቻና ከመገጣጠሚያ የሚመጣው ስሜት ነው። ዓይናችንን ጨፍነን እጃችን የት እንዳለ የምናውቀው በእሱ ነው። አሜሪካዊቷ የኦኩፔሽናል ቴራፒ ባለሙያ ጂን ኤርስ (1920–1988 እ.ኤ.አ.) አእምሮ ከእነዚህ ሁሉ የሚመጣለትን መልእክት እንዴት እንደሚያደራጅ አጥንታ፣ እ.ኤ.አ. በ1972 መጽሐፍ አሳትማበታለች።

አንዳንድ ልጅ ላይ ይህ መልእክት ከልክ በላይ ጎልቶ ይገባል። ለእኛ ተራ የሆነው የድምፅ ማጉያ ለእሱ ጆሮ የሚበጥስ ይሆናል፤ የሸሚዝ አንገት ላይ ያለች ትንሽ ጨርቅ እንደ እሾህ ትወጋዋለች። ሌላው ላይ ደግሞ መልእክቱ ደክሞ ይገባል። ስለዚህ ይዘላል፣ ይሽከረከራል፣ ከግድግዳ ጋር ይጋጫል፤ ሰውነቱን ፈልጎ ለማግኘት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያም እንዲህ ያለውን የስሜት መብዛት ወይም ማነስ ከኦቲዝም መለያዎች አንዱ አድርጎ አስገብቶታል።

የእንቅስቃሴው ሕክምና የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በዝግታ፣ በተመሳሳይ ምት ወደፊትና ወደኋላ መወዛወዝ ሰውነትን ያረጋጋል። እናቶቻችን ልጅ አዝለው እሹሩሩ ሲሉ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ፈጣን ዝላይና መሽከርከር ደግሞ ያነቃል። መርገጥ፣ መግፋት፣ መጎተት መገጣጠሚያን ጫን ስለሚል ሰውነትን ይሰበስባል። ባለሙያው የትኛው ልጅ መረጋጋት፣ የትኛው መነቃቃት እንደሚያስፈልገው እያየ እንቅስቃሴውን ይመርጣል።

«አካታች» የሚባለው ደግሞ ማንም ከክቡ እንዳይወጣ ተደርጎ ስለሚዘጋጅ ነው። በተሽከርካሪ ወንበር ያለችው በእጇ ትንቀሳቀሳለች። መነካት የማይወደው ልጅ የጓደኛውን እጅ ከሚይዝ የነጠላ ጫፍ ይይዛል። ጉዳት የሌለበት ልጅም አብሮ ይገባል። አጀማመሩና አጨራረሱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣውን የሚያውቅ ልጅ አይደናገጥምና። የበዛበት ልጅ የሚያርፍበት ጸጥ ያለ ጥግም ይኖራል። ጥንቃቄም አለው። መሽከርከር በልክ ነው፤ ዳውን ሲንድሮም ያለበት ልጅ አንገቱ ላይ ሊጎዳ ስለሚችል ያለ ሐኪም ምክር በጭንቅላቱ እንዲገለበጥ አይደረግም።

ግቡ ጨፋሪ ማውጣት አይደለም። ልጁ ተረጋግቶ ምግቡን ቁጭ ብሎ እንዲበላ፣ ልብሱን እንዲለብስ፣ ደብተሩን እንዲይዝ ነው።

አማና ነውና ሌላውንም እንናገር። ይህ ኦቲዝምን የሚያጠፋ መድኃኒት አይደለም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው መግለጫ፣ በስሜት ሕዋሳት ላይ የሚሠሩ ሕክምናዎች ከሌላ እርዳታ ጋር ተደምረው ሊሞከሩ እንደሚችሉ፣ ነገር ግን የጥናት ማስረጃቸው ገና ውስን መሆኑ ለወላጅ ሊነገረው እንደሚገባ ገልጿል። «በወር ውስጥ አድነዋለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ካለ ተጠንቀቁ።

*በዲናችን ሚዛንስ?*

እኛ ሙፍቲ አይደለንም፤ ፈትዋ የዑለሞቻችን ነው። ነገር ግን ወላጅ ወደ ዓሊም ሲሄድ ጥያቄውን አስተካክሎ ይያዝ። «ዳንስ ይፈቀዳል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው የምሽት ቤት ጭፈራን የተመለከተ መልስ ይዞ ይመለሳል። «ሕመም ያለበት ሕፃን በባለሙያ መሪነት፣ በምት እየተንቀሳቀሰ ሰውነቱን የሚያረጋጋበት ሕክምና ነው፤ እንዲህና እንዲህ ይደረግበታል» ብሎ የሚጠይቅ ግን ለራሱ ጉዳይ የሚሆን መልስ ያገኛል።

የሙዚቃ መሣሪያ የሚያሳስበው ወላጅም ልጁን ከማስቀረቱ በፊት ከባለሙያው ጋር ይነጋገር። ለሕክምናው የሚያስፈልገው ምቱ ነው። ምት ደግሞ በጭብጨባ፣ በእግር ኮቴ፣ በዱፍ፣ በሰው ድምፅም ይገኛል። ሴት ልጆች አድገው ከሆነ ለብቻቸው እንዲሆኑ መጠየቅ ይቻላል። ጨዋ ባለሙያ የቤተሰቡን እምነት አክብሮ ያስተካክላል።

ደግሞስ እኛ ሐበሾች የምንኮራበትን ታሪክ እናስታውስ። በዒድ ቀን ሐበሾች በመዲናው መስጂድ በጦርና በጋሻ ሲጫወቱ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) እናታችን ዓኢሻን (ረ.ዐ) ከኋላቸው አድርገው እንዳሳዩዋት በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ዑለሞች ይህ በጦር መሣሪያ የሚደረግ ዝላይና እንቅስቃሴ እንደነበር አብራርተዋል። ከዚህ ተነስተን ጭፈራ ሁሉ ይፈቀዳል አንልም። ሰውነት በምት በተንቀሳቀሰ ቁጥር ግን ሐራም ነው ለማለት መቸኮል እንደሌለብን ያስተምረናል።

መድረሳ የቀራን ሁላችን ለውሕ ይዘን ስንቀራ ወደፊትና ወደኋላ እንወዛወዝ ነበር። ማንም ያስተማረን የለም፤ ሰውነታችን ራሱ ሐሳባችንን ለመሰብሰብ የፈለገው ነው። ታዲያ ያ ልጅ ሲወዛወዝ ለምን እንደነግጣለን?

*ኳሱ እኛም ሜዳ ላይ ነው*

እውነቱን እንነጋገር። መስጂድ ውስጥ እጁን የሚያርገበግብ፣ በሰፍ መሃል የሚሮጥ ልጅ ሲመጣ ምን እናደርጋለን? ዞር ብለን እናፈጣለን፤ አንዱ «አስወጡት!» ይላል። ሌላው «ጂን ነው» ብሎ ይደመድማል። አባትየው አንገቱን ደፍቶ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ጁሙዓን ካልሆነ በቀር አይመጣም። እናትየዋ ተራዊሕን ትረሳለች። ሩቅያን አንቃወምም፤ ሱንና ነው። ግን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) እንድንታከምም አዘውናል። ሁለቱ አይጣሉም።

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የልጅ ልቅሶ ሲሰሙ ለእናቱ አዝነው ሶላት ያሳጥሩ ነበር። ኡማማን ታቅፈው ሰግደዋል። የልጅ ልጃቸው ጀርባቸው ላይ ሲወጣ እስኪጠግብ ብለው ሱጁዳቸውን አስረዝመዋል። ዓይነ ስውሩን ዐብደላህ ኢብኑ ኡሙ መክቱምን በተመለከተ ሱረቱ ዐበሰ ወርዷል፤ እሱም ሙአዚን ሆኖ አገልግሏል። እንዲህ ያለ ዲን ይዘን አንድን ሕፃን ከበራችን መመለስ ያሳፍራል።

በአገራችን የጀመሩ ሰዎች አሉ። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ ስለ ኦቲዝም የሚያወራ ሰው ብዙ አልነበረም። አዱኛ የተባለው የአዲስ አበባ የዳንስ ቡድንም አካል ጉዳተኛ ወጣቶችን አሠልጥኖ መድረክ ላይ አውጥቷል። መድረኩ ላይ ሐሳባችን ይለያይ ይሆናል። ማንንም አለመተዋቸውን ግን ልንማርበት ይገባል።

ስለዚህ በየከተማው ያላችሁ የመስጂድ ወጣት ጀማዓዎች ሆይ! ከእናንተ ብዙ አንጠይቅም።

1. በየመስጂዱ ከድምፅ ማጉያ ራቅ ያለ ጥግ ለእነዚህ ቤተሰቦች አዘጋጁ።
2. በአካባቢያችሁ ያለ ባለሙያ ጋብዛችሁ ለአንድ ቅዳሜ ጠዋት ተማሩ። ለባለሙያው የሚሆን አዳራሽ ካላችሁ አበድሩት።
3. ታናናሾቻችሁን ይዛችሁ ከእነዚህ ልጆች ጋር በክቡ ውስጥ ግቡ። አካታችነት ያለ እኩያ አይሆንም።
4. የሚወዛወዝን ልጅ ቀርጻችሁ ቲክቶክ ላይ አትሳቁበት። የሚስቅ ካያችሁም ገሥጹት።

ወላጆችም! ልጃችሁ አላህ የሰጣችሁ አማና ነው። በአንድ ቃል ደንግጣችሁ አታስቀሩት። ጠይቁ፣ ገብታችሁ እዩ፣ ዓሊም አማክሩ፣ ከዚያ ወስኑ።

አላህ ለልጆቻችን ሁሉ ዓፊያ ይስጥልን። ወሏሁ አዕለም።