አሠልጣኝ በሌለበት «በቃ» የሚለው ማን ነው?

ሁለት ጓደኛሞች ስልካቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው፣ ቪዲዮ እያዩ የማርሻል አርት ልምምድ ሲያደርጉ ሳታዩ አትቀሩም። የማሠልጠኛ ክፍያ የከበደው ወይም በአካባቢው አሠልጣኝ ያላገኘ ሰው በዚህ መንገድ ቢሞክር አይፈረድበትም። በእኔ እምነት አንዳንዱን ልምምድ ያለ አሠልጣኝ መማር ይቻላል፤ አንዳንዱን ግን መሞከርም አይገባም። አደጋው የሚመጣው ሁለቱን ሳይለዩ ሲጀምሩ ነው።

ያለ አሠልጣኝ ሊጀመሩ ከሚችሉት አንዱ የንክኪ ልምምድ ነው። ሁለት ሰዎች እጅ ለእጅ ተነካክተው፣ አንዱ የሌላውን ጉልበትና አቅጣጫ በቆዳውና በጡንቻው የሚያዳምጥበት ነው። በቻይናው ታይ ቺ «ቱይ ሾው» ማለትም የሚገፉ እጆች ይባላል። ብሩስ ሊ በወጣትነቱ ሆንግ ኮንግ ውስጥ ከመምህር ኢፕ ማን በተማረው ዊንግ ቹን ደግሞ «ቺ ሳኦ»፣ የሚጣበቁ እጆች ይሉታል።

ጠቀሜታው ለተፋላሚ ብቻ አይደለም። በጡንቻ፣ በጅማትና በመገጣጠሚያ ውስጥ ሰውነታችን የት እንዳለና ምን ያህል እንደተወጠረ ለአንጎል የሚያሳውቁ የነርቭ ጫፎች አሉ። ጨለማ ውስጥ ሳንወድቅ የምንራመደው በእነርሱ ጭምር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በመላው ዓለም በየዓመቱ 684 ሺህ ያህል ሰዎች በመውደቅ አደጋ ይሞታሉ፤ ከፍተኛው ቁጥር በአረጋውያን ላይ የሚደርስ ነው። ድርጅቱ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን ሚዛንንና ጥንካሬን የሚያዳብር እንቅስቃሴ እንዲሠሩ ይመክራል። ታይ ቺ የመውደቅን አደጋ እንደሚቀንስም በጥናት ታይቷል።

ታዲያ አሠልጣኝ ሲጠፋ የሚጎድለው ምንድን ነው? ብዙዎች «ስልቱን የሚያሳይ» ይላሉ። እሱንስ ቪዲዮውም ያሳያል። እኔ ግን ዋናው ጉድለት «በቃ» የሚል ሰው መጥፋቱ ነው እላለሁ። ሁለት ጓደኛሞች ብቻቸውን ሲሆኑ ሁለት ነገሮች ይፈትኗቸዋል። አንደኛው እልህ ነው። አንዱ ጠንከር አድርጎ ሲገፋ ሌላው ይጨምራል፤ ልምምዱ ወደ ትግል ይለወጣል፤ ያመመውም ሰው «ፈራ» እንዳይባል ይደብቃል። ሁለተኛው ይሉኝታ ነው። ጓደኛውን ላለማሳፈር ሳይገፋ የሚንገዳገድ ሰው የሐሰት ትምህርት ይሰጣል። እልህ አካልን ይጎዳል፤ ይሉኝታ ደግሞ ትምህርቱን ያበላሻል።

ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት ተስማሙ። «በቃ» የሚለው ቃል ወይም በነጻ እጅ ሁለት ጊዜ መታ መታ ማድረግ ወዲያው የሚያስቆም ምልክት ይሁን። ለምን ተብሎ አይጠየቅ። ጥፍራችሁን ቁረጡ፤ ቀለበትና ሰዓት አውልቁ፤ ከደረጃ፣ ከድንጋይና ከሚያንሸራትት ወለል ራቁ። ለ5 ደቂቃ ያህል ሰውነታችሁን አሟሙቁ።

ከዚያ ፊት ለፊት ቁሙ። ሁለታችሁም ቀኝ እግራችሁን አስቀድሙ፤ ጉልበታችሁን ጥቂት አጠፍ አድርጉ። የቀኝ እጃችሁን አንጓ በውጭ በኩል አነካኩ። አንዱ ቀስ ብሎ ወደ ሌላው ደረት ይግፋ። ተቀባዩ ሳይላቀቅና ሳይጋፋ፣ ወገቡን በማዞር ግፊቱን ወደ ጎን ያሳልፈው፤ ቀጥሎም በተራው ይግፋ። እጆቻችሁ አንድ ላይ ክብ እየሠሩ ይዞራሉ። 3 ደቂቃ ከሠራችሁ በኋላ እጅና እግር ቀይሩ። ግፊቱ በመካከላችሁ እንቁላል ቢኖር የማይሰብር ይሁን። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ እዚህ ቤት ፍጥነት የሚጨመረው መጨረሻ ላይ ነው።

ከለመዳችሁት በኋላ ተቀባዩ ዓይኑን ይጨፍን። ገፊው ሳይናገር መሐል ላይ ይቁም ወይም አቅጣጫ ይቀይር። ተቀባዩ አብሮ ከቆመ በእርግጥ እያዳመጠ ነው፤ በራሱ መዞሩን ከቀጠለ ግን በቃሉ የያዘውን እየደገመ ነው። ይህች ቀላል ፈተና ይሉኝታን ታጋልጣለች። ሁልጊዜ ከአንድ ሰው ጋር ብቻ አትሥሩ፤ በቁመትም በክብደትም የተለየ ሰው ሲገባ የተደበቀው ስህተት ይወጣል። ሦስተኛ ሰው ካለ ተመልካች ሆኖ «በቃ» የማለት ሥልጣን ይሰጠው።

ያለ አሠልጣኝ የማይሞከሩትን ደግሞ በግልጽ ልንገራችሁ። አንገት ማነቅ፣ መገጣጠሚያ መቆለፍና መጠምዘዝ፣ አንሥቶ መጣል፣ ጭንቅላት ላይ መምታት። በእነዚህ ላይ ስህተት ለመታረም ጊዜ አይሰጥም። የአጥንት መሳሳት ያለባቸው፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ፣ ቁጥጥር ያልተደረገበት የደም ግፊት ያለባቸውና ነፍሰ ጡሮች የንክኪ ልምምዱንም ከመጀመራቸው በፊት ሐኪም ያማክሩ።

ጉዳት ቢደርስ ልምምዱን አቁሙ። ቀላል ወለምታ ከሆነ አሳርፉት፤ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያዙበት። የእጁ ወይም የእግሩ ቅርጽ ከተለወጠ፣ ከደነዘዘ ወይም መንቀሳቀስ ካቃተው ግን ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ወደ ወጌሻ ሮጦ ማስጎተት የተለመደ መሆኑን አውቃለሁ፤ ነገር ግን ስብራት ይሁን ውልቃት በራጅ ሳይታይ መጎተት ነርቭና የደም ሥር ሊጎዳ ይችላል። አጥብቆ ማሠርም ደም እንዳይዘዋወር አድርጎ እስከ መቆረጥ ያደርሳል። ጭንቅላቱን ተመትቶ ያስመለሰው፣ ግራ የተጋባ ወይም ራሱን የሳተ ሰው ደግሞ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ ይድረስ።

ወላጆችም ልጆቻችሁን «ተው» ብቻ ብላችሁ አትለፉ፤ የሚከለከል ልጅ ተደብቆ ይሠራል፤ ሲጎዳም ይደብቃል። ይልቁንም ምን እንደሚለማመዱ ጠይቁ፤ የማቆሚያ ምልክታቸውን እንዲያሳዩአችሁ አድርጉ። ምልክት ከሌላቸው ልምምዱ ገና አልተጀመረም በሏቸው። አቅም ሲገኝም፣ በወር አንድ ቀን እንኳ ቢሆን ብቁ አሠልጣኝ ዘንድ ሄዶ መታየት ይበጃል። እስከዚያው ግን የጓደኛችሁን አካል እንደ ራሳችሁ አካል ጠብቁ፤ «በቃ» ሲላችሁም ሳታንገራግሩ እጃችሁን አውርዱ።