ሰው በባልንጀራው ይፈረድበታልን?

«ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ መጣች» የሚለውን ተረት ከወላጆቻችን እየሰማን አድገናል። ክፉ ባልንጀራ ክፉ ጠባይ ያስተምራልና፣ ተረቱ መልካም ምክር መሆኑን አልክድም። ዳሩ ግን ምክር ሌላ፣ ፍርድ ሌላ ነው። በፖለቲካ ክርክር ብዙዎች ይህን ምክር ወደ ፍርድ ሲለውጡት ስለምሰማ፣ ሐሳቤን ለመግለጽ እወዳለሁ።

ዘዴው እንዲህ ነው። አንዱ ሐሳብ ያቀርባል። ተከራካሪው ሐሳቡን በማስረጃ ማፍረስ ሲያቅተው፣ «ይህንንማ እገሌም ይለው ነበር» ወይም «ከእነ እገሌ ጋር ታይቷል» ይላል። እገሌ የተጠላ ሰው ስለሆነ ጥላቻው ወደ ተናጋሪው ይተላለፋል፤ ሐሳቡ ግን ሳይመረመር ይቀራል። ይህም፣ ሌባ እንጀራ ይበላልና እንጀራ የበላ ሁሉ ሌባ ነው እንደ ማለት ነው።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆነን በአሜሪካ የተፈጸመው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1950 ዓ.ም. ጀምሮ ሴናተር ጆሴፍ ማካርቲ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ኮሚኒስቶች ገብተዋል እያለ ብዙ ሰዎችን ይከስ ነበር። ጁን 9 ቀን 1954 ዓ.ም. በቴሌቪዥን በሚተላለፍ ምርመራ ላይ፣ የጦር ሠራዊቱ ጠበቃ ጆሴፍ ዌልች የማካርቲን ረዳት አጥብቆ ሲጠይቅ፣ ማካርቲ ጣልቃ ገባ። በዌልች ቢሮ የሚሠራ አንድ ወጣት፣ የኮሚኒስት ፓርቲ ክንፍ ነው ባለው የጠበቆች ማኅበር አባል እንደ ነበረ ተናገረ። ወጣቱ በዚያ ጉዳይ ተከራካሪ አልነበረም፤ ስሙም ከተጠየቀው ጥያቄ ጋር አንዳች ግንኙነት አልነበረውም። ዌልች ማካርቲን የጨዋነት ስሜት አልቀረህምን ብሎ በወቀሰው ጊዜ ታዳሚው አጨበጨበ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 2 ቀን ሴኔቱ በ67 ድምፅ ለ22 ማካርቲን በይፋ ነቀፈ። ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን በወዳጅነትና በማኅበርተኝነት ብቻ ተጠርጥረው እንጀራቸውን ያጡ ብዙዎች ነበሩ።

«ታዲያ የሰው ግንኙነት ጨርሶ አይጠየቅ?» የሚለኝ ይኖር ይሆናል። ይጠየቅ እንጂ! ዳኛ ከባለጉዳይ ገንዘብ ቢቀበል ግንኙነቱ ራሱ ጥፋት ነው። ከወንበዴ ጋር የዋለም ምን ሲሠራ እንደ ዋለ ቢመረመር ተገቢ ነው። ነገር ግን ግንኙነት የምርመራ መጀመሪያ እንጂ የፍርድ መጨረሻ ሊሆን አይገባም።

ነገሩ ከእኛም የራቀ አይደለም። በተማሪዎች ክርክር መካከል የሰው ዘመድ፣ የትውልድ ቦታው ወይም ጓደኛው እየተነሣ፣ «አንተማ የእነ እገሌ ወገን ነህ» ሲባል እሰማለሁ። እንዲህ የተባለ ልጅ ዳግመኛ እጁን አያነሣም። አጠገቡ የተቀመጠውም ከእርሱ ጋር እንዳይቆጠር ፈርቶ ዝም ይላል። ከዚያ በኋላ የሚሰማው የደፋሩ ድምፅ ብቻ ይሆናል፤ እውነቱ በዝምተኞቹ ዘንድ ቢኖርስ ማን ያወጣዋል?

ስለዚህ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ በክርክር ጊዜ «የማን ወዳጅ ነው?» ከማለታችን በፊት «ያለው ነገር እውነት ነውን?» ብለን እንጠይቅ። መምህራኖቻችንና ወላጆቻችንም ይህን ልማድ ቢያስተምሩን፣ ነገ ሸንጎ ላይ ስንቀመጥ ሰውን በሥራው እንጂ በጎረቤቱ አንፈርድበትም።