ቲኬት የሌለው መንገደኛ

የሕዝብ ባቡር የአንድ ሰው ንብረት አይደለም። ነጋዴውና ተማሪው፣ ሠራተኛውና ጡረተኛው በአንድ ፉርጎ ውስጥ ጎን ለጎን ሆነው የሚጓዙበት፣ ወጪውንም እንደየርቀታቸው የሚካፈሉበት የጋራ መገልገያ ነው። አባቶች «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚሉት እንዲህ ያለውን መተጋገዝ ሲያመሰግኑ ነው። ታዲያ ከሃምሳዎቹ አንዱ «የድርሻዬን ሎሚ አልይዝም» ቢል ሎሚው መሬት ላይ አይቀርም፤ በሌላው ሰው እጅ ላይ ይደረባል። ያለ ቲኬት የሚሳፈር መንገደኛም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ስለዚህ በተያዘ ጊዜ የሚገባውን መክፈል አለበት። ነገር ግን መክፈልና መዋረድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ሊዘነጋ አይገባም።

ባቡር ለኢትዮጵያ ሕዝብ አዲስ ነገር አይደለም። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር ሐዲድ ሥራው በ1890 ዓ.ም. ተጀመረ፤ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። ርዝመቱ 780 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሩ በሌሊት ስለማይጓዝ መንገደኛው በድሬዳዋና በአዋሽ እያደረ ጉዞውን በሦስት ቀን ይፈጽም ነበር። ለገሀር የተባለው የአዲስ አበባ ሠፈርም ስሙን ያገኘው ባቡር ጣቢያ የሚል ትርጉም ካለው የፈረንሳይኛ ቃል ነው። ከዚያ ዘመን ጀምሮ ቲኬት የመንገደኛውና የባቡር ድርጅቱ ውል ሆኖ ኖሯል። ድርጅቱ መንገደኛውን በደኅና ሊያደርሰው፣ መንገደኛውም ዋጋውን ሊከፍል ይስማማሉ። ውል ደግሞ የሚጸናው ሁለቱም ወገኖች ሲያከብሩት ነው።

በመስከረም ወር 2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራውን የጀመረው የከተማ ቀላል ባቡር ይህን ውል ወደ ዕለታዊ ኑሮ አመጣው። ሁለት መስመሮች ያሉት ሲሆን፣ አንደኛው ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች፣ ሁለተኛው ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ ይደርሳል፤ ጠቅላላ ርዝመቱም 34 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አገልግሎቱ ሲጀመር ዋጋው እንደ ርቀቱ 2፣ 4 ወይም 6 ብር ነበር። ተሳፋሪው ቲኬቱን በጣቢያው አጠገብ ገዝቶ ይሳፈራል፤ ተቆጣጣሪውም በኋላ ይመረምራል። እንዲህ ባለው አሠራር በመግቢያው ላይ ያልከፈለውን የሚመልስ የብረት በር የለም። ባቡሩ ጢም ብሎ በሚሞላበት ሰዓት ደግሞ ተቆጣጣሪው ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ለማለፍ ይቸገራል። ስለሆነም የአገልግሎቱ ትልቁ ጠባቂ የተሳፋሪው የራሱ ሕሊና ነው።

ይሁን እንጂ ትክክለኛ ቲኬት ሳይዝ የተገኘ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዲት አሮጊት ቲኬታቸውን ገዝተው በነጠላቸው ጫፍ ከቋጠሩ በኋላ በግፊያው መካከል ጥለውት ሊሆን ይችላል። አንድ ተማሪ የአጭር ርቀት ቲኬት ይዞ፣ መውረጃውን ባለማወቅ ከተፈቀደለት ርቀት በላይ ተጉዞ ሊገኝ ይችላል። ሌላው ደግሞ ገንዘቡ በኪሱ እያለ፣ ተቆጣጣሪው በወዲያኛው በር ሲገባ እርሱ በወዲህኛው ሹልክ ብሎ የሚወርድ ብልጣ ብልጥ ነው። የሦስቱ ሐሳብ ይለያያል፤ ነገር ግን ተቆጣጣሪው በሁለት ጣቢያዎች መካከል ባለው አጭር ጊዜ ልብን መርምሮ ሊፈርድ አይችልም። ቲኬቴ ጠፋብኝ የሚለው ሁሉ ቢታመን ብልጣ ብልጡም ነገ ያንኑ ቃል ይናገራል።

ስለዚህ ምሕረት ከተቆጣጣሪው ስሜት ሳይሆን ከደንቡ መምጣት ይኖርበታል። መቀጮው ምን ያህል እንደ ሆነ በየጣቢያውና በየፉርጎው በጉልህ ይጻፍ፤ ከርቀቱ ያለፈ ልዩነቱን የሚከፍልበት፣ በደል ደረሰብኝ የሚል ሰውም አቤቱታውን የሚያቀርብበት መንገድ በዚያው ደንብ ይዘርዘር። ተቆጣጣሪው እንደ ወደደ የሚምርና እንደ ወደደ የሚቀጣ ከሆነ ምሕረቱ ለአሮጊቷ አይደርስም፤ ለሚያውቀው ሰውና አለባበሱ ለሚያስፈራው ሰው ይደርሳል እንጂ።

ያልከፈሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያቀርቡት ምክንያት አለ። «የእኔ ጥቂት ብር ባቡሩን አያቆመውም» ይላሉ። ይህ አባባል ከፊል እውነት እንዳለው መካድ አይገባም። ለከተማው ባቡር ከተገዙት 41 ባቡሮች ብዙዎቹ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከሥራ ውጭ የሆኑት ቲኬት ባልቆረጡ ሰዎች ምክንያት አይደለም። መለዋወጫ ከውጭ አገር የሚገዛ በመሆኑና የውጭ ምንዛሪ በማጠሩ፣ እንዲሁም የቲኬቱ ዋጋ ራሱ የአገልግሎቱን ወጪ የማይሸፍን በመሆኑ ነው። ሐዲዱ የተዘረጋበት ገንዘብም አብዛኛው ከቻይና የተገኘ ብድር ነው። ይህ ሁሉ ግን ያልከፈለውን ሰው አያጸድቀውም። የተቸገረ ቤት በር ክፍት ሆኖ ቢገኝ ከዚያ ቤት መስረቅ ይገባል ያለ ማን አለ? ይልቁንም ገቢው ያነሰው አገልግሎት ከያንዳንዱ ተሳፋሪ የሚጠብቀው ድርሻ ይበልጥ ያስፈልገዋል። የባቡሩ ቁጥር ሲቀንስ ደግሞ በጣቢያው ላይ ረጅም ሰዓት የሚቆመው ሌላ መጓጓዣ ለመያዝ አቅም የሌለው ድኻ ነው።

ሌሎች ደግሞ «ባቡር ለሕዝብ ከሆነ ለምን በነጻ አይሆንም?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሉክሰምበርግ የተባለችው ትንሽ የአውሮፓ አገር እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ በባቡርም በአውቶቡስም የሚደረገውን ጉዞ ያለ ክፍያ አድርጋለች። ነገር ግን ነጂው ደመወዝ፣ ባቡሩም ኃይል መፈለጉን አላቆመም፤ ገንዘቡ ከግብር ይወጣል። እንግዲህ ወጪው ከቲኬት ቢወጣም ከግብር ቢወጣም ከፋዩ ያው ሕዝብ ነው። አንድ ኅብረተሰብ ከሁለቱ አንዱን በሕግ ሊመርጥ ይችላል። አንድ ግለሰብ ግን ለራሱ ብቻ ነጻ ጉዞ ማወጅ አይችልም።

መክፈል ተገቢ ከሆነ የቅጣቱም ልክ ሊታሰብበት ይገባል። በጀርመን አገር እ.ኤ.አ. በ1935 የወጣ ሕግ ሆን ብሎ ሳይከፍል የተሳፈረ ሰው በገንዘብ ወይም እስከ አንድ ዓመት በሚደርስ እስራት እንዲቀጣ ደነገገ። ፍርድ ቤት የወሰነባቸውን ገንዘብ መክፈል ያቃታቸው ሰዎችም በምትኩ ወኅኒ ወርደዋል። ለአንድ እስረኛ ቀለብና ጥበቃ የሚወጣው ገንዘብ ካልተከፈለው የቲኬት ዋጋ በብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ፣ ሕጉ በዚያው አገር ብርቱ ክርክር አስነሥቷል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ከጥፋቱ የገዘፈ ቅጣት ባለገንዘቡን ሳይነካ አልፎ ድኻውን ይጥላል።

እንደዚሁም ያልከፈለን ሰው በሕዝብ ፊት መስደብ፣ ክንዱን ይዞ ማንገላታት ወይም መታወቂያውን ነጥቆ ማስለመን የቅጣት ክፍል ሊሆን አይችልም። «ካላፈረ አይማርም» የሚሉ ይኖራሉ። ነገር ግን ልማዱ ያደረገው ሰው በስድብ አያፍርም፤ በስድብ የሚሰበረው ቲኬቱ በእውነት የጠፋበት ሰው ነው። «እማማ፣ ደንቡ ይህ ነው፤ ይህን ይክፈሉ፤ ደረሰኝዎ ይኸውልዎ» የሚል ተቆጣጣሪ ሕጉንም አስከብሯል፣ ሽማግሌንም አክብሯል። በዝግታ የተነገረ ቃል የመቀጮውን ገንዘብ አንድ ሳንቲም እንኳ አያጎድለውም።

ከሁሉ የከፋው ግን መቀጮውን ትቶ ያለ ደረሰኝ ጥቂት ብር ወደ ኪሱ የሚያስገባ ተቆጣጣሪ ነው። ያልከፈለው መንገደኛ አንድ ቲኬት ሲያጎድል፣ ይህኛው የቲኬትን ትርጉም ራሱን ያጠፋል። በሐቅ የከፈሉት ተሳፋሪዎች ይህን ሲያዩ «ለምን ብዬ እከፍላለሁ?» ማለት ይጀምራሉ። እንዲህ ያለውን መማለጃ የሚሰጠውና የሚቀበለው በእኩል ተጠያቂዎች ናቸው።

«በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ» የሚለው የልጅ ወቀሳ በየቤቱ የታወቀ ነው። ዛሬ ቲኬት ሳይቆርጥ ወርዶ ለጓደኞቹ በኩራት የሚያወራ ወጣት፣ ነገ የመሥሪያ ቤት ሣጥን ቁልፍ በእጁ ሲገባ የሚያስበው በዚያው በለመደው መንገድ ነው። በአንጻሩ ተቆጣጣሪ በሌለበት ቀን ቲኬቱን ቆርጦ የተሳፈረ ተማሪ ማንም ባያየውም ውሉን ጠብቋል። አገር የምትፈልገው ሹምም ሆነ ነጋዴ፣ ሐኪምም ሆነ መምህር የሚወጣው ከእንዲህ ያለው ተሳፋሪ መካከል ነው። እንግዲህ መንገደኛው ሳይታይ ይክፈል፤ ተቆጣጣሪው ሳያዋርድ ያስከፍል፤ ድርጅቱም የተከፈለውን ገንዘብ በአግባቡ አውሎ ባቡሩን በሰዓቱ ያድርስ። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ሐዲዱ ቢኖርም ጉዞው ይሰናከላል።